ቁስል ያጠብኩባቸው ዓመታትና የጠጅቱ ጣቶች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጆቼ አመላቸውን አልተዉም። እንጅባራ ላይ ጉሙ ከደጃፌ ሳይነሳ እነቃለሁ፤ ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ፋሻ ሲጠቀልል አገኘዋለሁ። የሚጠቀልለው የብርድ ልብሴን ጠርዝ ነው። ማን ያየኛል ብዬ እስኪበቃኝ እተወዋለሁ። የሰው ፊት ከተረሳኝ ቆይቷል፤ እጅና እግር፣ ጉልበትና ክርን ግን አንድ በአንድ ይመጡልኛል። ጉሙ ውስጥ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ይመስለኛል። "ቀጥሎ" እላለሁ በልቤ፤ አንድ ክርን ይገባል። አውቀዋለሁ፤ በገል የተቆረጠ የዳንግላ ክርን ነው። ደህና መሆኑን አይቼ አሰናብተዋለሁ።

የሥራ ዘመኔ ከሌላው ሰው የሥራ ዘመን ብዙም አይለይም። ደመወዙ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም፤ ወረቀቱም ማለቂያ አልነበረውም፤ የጡረታ ደብተሬን ለማግኘት እንኳ ለአንዲት ማህተም ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እሱን ልተወው። ማውራት የምፈልገው ስለ ትንንሽ ቁስሎች ነው። ሰው ንቆ ስለሚተዋቸው፣ ሐኪም ቀና ብሎ ስለማያያቸው፣ ቅቤና የጥርስ ሳሙና ተለድፎባቸው ስለሚመጡ ጭረቶችና ቃጠሎዎች። ዕድሜዬን የፈጀሁት በነሱ ላይ ነው። ብዙዎቹን ቶሎ እንዲድኑ ረድቻለሁ። የአንዲት ወጣት እጅ ግን አበላሽቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ሳልነግራት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ሁሉ የሚያጽፈኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ዳንግላ ነበር። በነርስነት ተመርቄ፣ ነጭ ጋውኔን አስተኩሼ፣ አፍንጫዬን ቀስሬ ሄድኩ። ቁስል ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የጠበቁኝ ጋሽ ውበቱ የሚባሉ አዛውንት ድሬሰር ናቸው። ድሬሰር ማለት በድሮ ጊዜ ቁስል እንዲያጥብ፣ እንዲያሽግና መርፌ እንዲወጋ በአጭር ሥልጠና የሚቀጠር ሰው ነው። እኔ ባለ ዲፕሎማ ስለሆንኩ አዛዣቸው የምሆን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "እስቲ እጅሽን አሳይኝ" አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። "ጥፍርሽ ረዝሟል፤ ሂጂ ቆርጠሽ ነይ" አሉ። ሥራ የጀመርኩት ጥፍሬን ቆርጬ በመመለስ ነው።

ጋሽ ውበቱ የተወለዱት ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ባለ ገጠር ነው፤ አዊኛና አማርኛ እኩል ይናገራሉ። ገበሬው በሩ ላይ ሲደርስ በየትኛው ቋንቋ ሰላም እንደሚሉት ከአረማመዱ ያውቃሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ከአዊኛ የያዝኩት ሰላምታውንና ሁለት ሦስት የሕመም ቃላት ብቻ ነው። እስካሁንም ከዚያ አልዘለልኩም፤ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የጠዋት ሥራቸው ውሃ ነበር። ያፈሉታል፣ ቆንጠር አድርገው ጨው ይጨምሩበታል፣ ከድነው ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያ ከእጃቸው አንጓ በውስጥ በኩል ጠብታ ያሳርፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ውሃው ሙቅም ቀዝቃዛም ሆኖ ካልተሰማቸው "ደርሷል" ይላሉ። እኔ ቸኩዬ በር ላይ የቆመውን ሰልፍ እቆጥራለሁ። እሳቸው የውሃውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን የአንድ ገበሬ እግር ላይ የነበረ አሮጌ ጎዝ፣ ቁስል የሚሸፈንበት ስስ ጨርቅ፣ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ደረቀ። እኔ የማውቀው ሳብ አድርጎ ማንሳት ነበር፤ ሰውየው ጥርሱን ይነክሳል፣ ነገሩ ያልቃል። ልስበው ስል ጋሽ ውበቱ እጄን ያዙት።

"እስኪለቅ ጠብቂው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሰልፉን አያዩትም?"

"ሰልፉ ይቆማል። ከዚህ ጎዝ ስር ያለው አዲስ ቆዳ ነው፤ እንደ ሽንኩርት የውስጥ ልጣጭ ስስ ነው። ስትጎትቺው የሰውየውን የሳምንት ድካም ይዘሽ ነው የምትነሽው።"

ከዚያ ውሃውን በጥጥ እያነከሩ ያንጠባጥቡበት ጀመር። ጠብታው ሳፋው ላይ ይወድቃል፤ እሳቸው ሰውየውን ስለ ፈረሱ ይጠይቁታል። ፈረሱ ዳማ ነው? ሽምጥ ሲጋልብ አንገቱን ይሰብራል? ሰውየው ሕመሙን ረስቶ ስለ ፈረሱ ይተርካል፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ከጠብታውና ከፈረሱ ወሬ በቀር ምንም የለም። ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ጎዙ ማንም ሳይነካው ራሱ ተንሳፍፎ ተነሳ። የዚያን ቀን ነው ይህን ሥራ የወደድኩት።

ያኔ የሁላችንም እምነት ቁስል መድረቅ አለበት የሚል ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ጂቪ ቀብተን፣ አየር ያግኘው ብለን ገልጠን እንሰዳለን፤ ቁስሉ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ይደማል፣ እንደገና ይሠራል። ጋሽ ውበቱ ግን ንጹሕ ጎዝ በቫዝሊን ነክረው፣ በቆርቆሮ አድርገው፣ ቀቅለው ያስቀምጣሉ። ቁስሉን አጥበው ያንን ያለብሱታል። ለምን ሲባሉ "በደረቀ መሬት ላይ ምን ሲበቅል አየሽ?" ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ብዙ ዓመት አልፎ እንጅባራ ላይ ሥልጠና ስንገባ አሠልጣኙ፣ የታጠበ ቁስል እርጥበቱን እንደያዘ ተሸፍኖ ሲቆይ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ቅርፊት አዲሱን ቆዳ እንደሚያዘገየው በትልቅ ስክሪን ላይ እያሳየ አስረዳን። ሌላው ሰው ማስታወሻ ሲጽፍ እኔ ብቻዬን ስቄያለሁ።

አንድ ነገራቸውን ግን አልወደድኩላቸውም ነበር። በእኛ አገር ቁስል ያለበት ሰው ሽታ ይፈራል። የሽቶ፣ የቅባት፣ የሚጠበስ ነገር ሽታ ቁስሉን ይመታዋል፣ ያመረቅዘዋል ይባላል። ስለዚህ ቁስለኛ ከቤቱ ሲወጣ ጤናዳም አፍንጫው ውስጥ ይወትፋል። ጋሽ ውበቱ በቁስል ማጠቢያው ደጃፍ ላይ ጤናዳም ተክለው ነበር። ፋሻ ከመፍታታቸው በፊት ቀንጠስ አድርገው ለበሽተኛው ይሰጡታል፤ ሰውየው ትከሻው ዝቅ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል።

"እርስዎም ያምኑበታል ማለት ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ እያሾፍኩ።

"እኔ የምፈልገው ሰውየው ከነገ ወዲያ ተመልሶ እንዲመጣ ነው" አሉኝ። አልገባኝም። የድሮ ሰው ስለሆኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሌላው ጣት ነው። የተቃጠለ እጅ ሲመጣ ከየጣቱ መሀል ጎዝ ያስገባሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻው ይጠቀልላሉ፤ ጥፍሩን ይተዉታል፣ ቀለሙን ለማየት። አምስት ጣት አምስት ፋሻ። ረጅም ጊዜ ይፈጃል። "የተላጠ ጣት ከተላጠ ጣት ጋር ከተኛ አብሮ ይድናል" ይሉኛል። "ቆዳ ሞኝ ነው፤ አጠገቡ ያገኘውን ይይዛል።" ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ነበር ማለት አልችልም።

ከዳንግላ ጫግኒ ተዛወርኩ። ጫግኒ ሙቀት ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል፣ ቀትር ላይ ሰውም ውሻም ጥላ ስር የሚንሳፈፍበት ሙቀት። የዚያ አገር ቃጠሎ የሞተርና የባጃጅ ጭስ ማውጫ ነው። ሰው ሲወርድ ባቱን ያስነካና በጥርስ ሳሙና ለስኖት ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ቧንቧ ስር አስቀምጬ ቀዝቃዛ ውሃ ሃያ ደቂቃ አፈስበታለሁ፤ ለቃጠሎ ከዚህ የሚቀድም መድኃኒት የለም፤ ቶሎ ከተደረገ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ውሃ የቋጠረውን አላፈነዳም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር፤ በመጣ ቁጥር ቧንቧው ስር ተቀምጦ ይዘፍናል።

"ኧረ ሲስተር፣ ለውሃማ ቤቴም ውሃ ነበረ!" ይለኛል።

"ታዲያ እዚያው ለምን አላፈሰስክበትም?"

"እዚያ ማን ይጨቀጭቀኛል?"

በዚያ ሙቀት ውስጥ ብዙ ቁስል ሲድን አየሁ። እጄ ፈጠነ። ስሜም ወጣ። አሁን ሳስበው ጥፋቴ የተጀመረው እዚያ ነው፤ ሰው ሲያመሰግነኝ አመንኩት።

ቀጥሎ የተመደብኩት አዲስ ቅዳም አካባቢ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ ሲደርስ ይቆርጠዋል፣ ይከምረዋል፣ በአፈር ሸፍኖ ከሰል ያከስለዋል። ጠዋት የአገሩ ጉምና የክምሮቹ ጭስ ተቀላቅለው ሸለቆው ውስጥ ይተኛሉ፤ የቱ ጉም የቱ ጭስ እንደሆነ አይለይም። ሰዎች ከዚያ ውስጥ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ጆንያቸው ይታየኛል፣ ቀጥሎ እነሱ። ያንን ዘመን ሁሉ በሕልም ያየሁት ይመስለኛል። የጠጅቱ እጅ ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ቅዳሜ ነበር፤ የገበያ ቀን። ገበያተኛው ሁሉ ገበያ ከመግባቱ በፊት እኛ ዘንድ ጎራ ይላል፤ ሰልፉ ከአጥሩ አልፏል። ጠጅቱ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀዝቅዟል ብላ ከሰል በእጇ ስታፍስ ውስጡ እሳት ኖሮ ቀኝ እጇን ለበለባት። ከእናቷ ጋር ገባች። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ በሁለቱ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ጤናዳም ወትፋለች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ሽታ እንዳይመታኝ ነው፣ እትዬ።"

"ቁስሉ ያለው እጅሽ ላይ ነው። እጅ ከመቼ ወዲህ አፍንጫ አበቀለ?"

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቁ ጣመኝና ጤናዳሙን በመቆንጠጫ ከአፍንጫዋ አውጥቼ ለሰው እያሳየሁ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። ሳቁ ጨመረ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናቷ አልሳቀችም፤ ባልዲውን ታያለች።

ቃጠሎው ቀላል ነበር። ይህን ደጋግሜ መናገር አለብኝ፤ ቀላል ነበር። መዳፏ ላይ ትንሽ ቀላ ብሏል፤ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ መሀል ለመሀል ውሃ ቋጥሮ ተልጧል። በደንብ ከተያዘ ሁለት ሳምንት አይፈጅም። አጠብኩት፤ የቫዝሊን ጎዝ አለበስኩት፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌዋን ወጋኋት። ከዚያ አራቱንም ጣቶች ሰብስቤ እንደ ጡጫ በአንድ ፋሻ ጠቀለልኩ። ከየጣቱ መሀል ምንም አላስገባሁም። ፋሻ አላጠረኝም። የጋሽ ውበቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። "ሰኞ ስትመጣ ለየብቻ አደርገዋለሁ" አልኩ በልቤና "ሰኞ ተመለሺ፤ ቀጥሎ!" አልኩ በአፌ።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። በቀበሌው ሰው ልልክባት እችል ነበር፤ አላደረግኩም። ደፍራኝ የቀረች ያህል ቅር ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንግዲህ ቅር የሚለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናትና ልጅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ፋሻው ያው የእኔ ፋሻ ነው፤ ጠቁሮ እንደ ዛፍ ልጣጭ ደርቋል።

እናቷ የሆነውን ነገረችኝ። እሑድ ዕለት ታላቅ ልጇ የውብዳር ከጫግኒ እህቷን ልትጠይቅ መጣች። ጸጉሯን ሽታ ያለው ቅባት ተቀብታ ነበር። የዚያኑ ቀን ማምሻ የጠጅቱ እጅ ይጠዘጥዛት፣ ይበላት ጀመር። ሽታ መታው ተባለ። የውብዳር ከቤት እንድትወጣ ተደረገ፤ ጠጅቱን መጋረጃ ጋርደው ጓዳ አስገቧት፤ ፋሻው ተፈቶ አየር እንዳይነካው ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት ተከለከለ። "ወደዚህ እንሂድ ስላት ደግሞ 'ያቺ ሲስተር ሰው ፊት ትስቅብኛለች፤ ብሞት አልሄድም' አለችኝ" አለች እናቷ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። አንጠባጠብኩ። ያን ቀን አልቸኮልኩም። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁት፤ ፋሻው እንደ ተማርኩት ራሱ ለቀቀ። ስሩ ያለው ቆዳ ንጹሕ፣ ሮዝ፣ ለስላሳ ነበር። እንዲህ አምሮ የዳነ ቃጠሎ አይቼ አላውቅም። የቀለበት ጣቷንና ትንሿን ጣቷን እስከ መካከለኛው አንጓ አንድ አድርጎ ድኗል።

ጠጅቱ ጣቶቿን ልትለያያቸው ሞከረች። ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች።

"ሽታው ነው አይደል?" አለች እናቷ። "የእህቷ ቅባት ነው አይደል፣ ሲስተር?"

ሰዎች በር ላይ ቆመው ያያሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው ክፍል ሽታን በመፍራቷ የቀለድኩባት እኔ ነኝ። የምናገረው ነገር ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለየብቻ መጠቅለል ነበረብኝ ማለት ብቻ ነው።

"ይሆናል" አልኩ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ካርዱን አየና "ቀጠሮ አልጠበቀችም ብለሽ ጻፊ፣ ይበቃል" አለኝ። ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ትልቅ ሆስፒታል ሄደው ጣቶቹን ማስለየት እንደሚቻል ነገርኳቸው፤ እናትየው ስለት የሚባል ነገር መስማት አልፈለገችም። ተነስተው ወጡ። ጉሙ ሲቀበላቸው በር ላይ ቆሜ አየሁ።

በዚያ ዓመት ጋሽ ውበቱ ታመው ዳንግላ ቤታቸው ተኝተው ነበርና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ያማርራሉ ስል ስለ ሥራ ይጠይቁኛል። ሳላስበው የጠጅቱን ነገር አወራሁላቸው፤ እንዳልመጣች፣ ጓዳ እንደተዘጋባት፣ ጣቶቿ እንደተያያዙ። እያዳመጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ውሃ ሲሞክሩ እንደሚያደርጉት።

"ለየብቻ ጠቅልለሻቸው ነበር?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ።

ዓይናቸውን ገልጠው እጄን አዩት። ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነው ያዩት። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ያለቀስኩት ለቅሶ ግማሹ ለሌላ ነገር ነበር።

የቀረውን ዘመኔን እንጅባራ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም እጅ በጅምላ አልጠቀለልኩም። ጤናዳም ይዞ የመጣውን ሁሉ "ደህና አድርገሃል፣ ያዘው" እለዋለሁ። ወጣት ነርሶች ሲመጡ ጥፍራቸውን አያለሁ፤ ጎዝ እስኪለቅ እንዲጠብቁ አስጨንቃቸዋለሁ፤ ጣት ላይ ስደርስ ደግሞ እንደ እብድ ያደርገኛል። ስም አወጡልኝ፤ "ሲስተር ለየብቻ" ይሉኛል በስተጀርባዬ። ባለፍኩ ቁጥር ሳቃቸውን ያፍኑታል። ያወጡልኝ ስም ልክ ነው ብዬ እስቅላቸዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኳቸውም።

ስሸኝ ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳቦ ተቆረሰ። አንዷ ወጣት ነርስ ንግግር አደረገች። "በሲስተር እጅ የተበላሸ አንድም ቁስል የለም!" አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ቆሜ ጎንበስ ቀና አልኩ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ከላዬ ላይ ስጥለው ትከሻዬ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

በሳምንቱ አዲስ ቅዳም በሚኒባስ ሄድኩ። ከወረድኩ በኋላ ሰው እየጠየቅሁ በእግሬ ገባሁ። መንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ ነው፤ ጭሱ ያው ነው፤ ጉሙም ያው ነው። ስሄድ የምሄድ አይመስለኝም ነበር፤ መንገዱ ራሱ የሚወስደኝ ይመስለኝ ነበር። የጠጅቱን ቤት ያሳየችኝ ሴት "ያቺ እጇን ሽታ የመታት?" አለችኝ።

ጠጅቱ ደጃፏ ላይ ድንች ትለቅም ነበር። ሕፃን ልጇን ያዘለች ጎልማሳ ሴት ሆናለች። በግራ እጇ ትሠራለች፤ ቀኙ ከነጠላዋ ስር ነው። ወዲያው ለየችኝ።

"ሲስተር! በሕይወት አሉ? ምነው በእግርዎ? ይግቡ እንጂ፣ ይግቡ በሞቴ!"

የቀርከሃ ወንበር ሰጠችኝ፤ እርጎ አቀረበችልኝ። እርጎውን እጄ ላይ ይዤ ሳልጠጣው ነገርኳት። ፋሻውን፣ ሰልፉን፣ ሳቁን፣ "ይሆናል" ያልኩትን፣ ካርዱ ላይ የጻፍኩትን። ሽታ ምንም እንዳላደረጋት፣ ጣቶቿን ያያያዘው የእኔ ችኮላ መሆኑን። ስጨርስ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

"እናቴ አርፋለች" አለች።

"እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር።"

"የውብዳርን ከዚያ እሑድ ወዲህ እዚህ ደጃፍ እግሯን አላስረገጠቻትም። 'የልጄን እጅ የበላች' ነበር የምትላት። እኔም እንደዚያው። እናቴ ስታርፍ ለቀብር መጣች፤ ከለቀስተኛው ዳር ቆመች። ልትስመኝ ስትጠጋ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ ብዬ፣ እንድታየው እንኳ ነፈግኋት።" ድንቹን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። "ሃያ ምናምን ዓመት፣ ሲስተር። እህቴ ናት እኮ።"

እህቷ ይህን ያህል እንደተቀጣች አላውቅም ነበር። አንድ እጅ ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር።

"ይቅር በይኝ፣ ጠጅቱ" አልኳት።

"የእኔ ይደርሳል" አለች። "መጀመሪያ ለእሷ ይንገሯት።"

ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። ኔትወርክ የሚገኘው ከአጥሩ ጥግ በወደቀ ግንድ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው አለችኝ። በግራ እጇ ክንዴን ይዛ ግንዱ ላይ አወጣችኝ፤ ለእናቷ መርዶ ብቻ ደውላበት የምታውቀውን ቁጥር ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። ረጅም ጠራ። "ሄሎ? ጠጅቱ?" አለ የሴት ድምፅ፤ ከጀርባው የጫግኒ ባጃጅ ይሰማል። የፈራ ድምፅ ነበር፤ መርዶ የሚጠብቅ።

"ጠጅቱ ደህና ናት" አልኩ። "አጠገቤ ናት። እኔ ያኔ እጇን ያሸግሁት ነርስ ነኝ። የውብዳር፣ ቅባትሽ ምንም አላደረገም። ጣቶቿን ለየብቻ መጠቅለል ነበረብኝ፤ ቸኩዬ አንድ ላይ አሰርኳቸው፤ አብረው ዳኑ። እናትሽ ስትጠይቀኝ እውነቱን አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"ስንት ጣት ነው?" አለችኝ።

"አቤት?"

"የተያያዘው ስንት ጣት ነው? እኔ አይቼው አላውቅም።"

ጠጅቱ ሰምታለች። እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው።

"ሁለት" አልኩ። "የቀለበት ጣቷና ትንሿ። ከስር ተነስቶ እስከ መካከለኛው አንጓ። ከዚያ በላይ የተለያየ ነው። ቆዳው ንጹሕ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ደህና ናቸው፤ አውራ ጣቷም ደህና ናት።"

"ያማታል?"

ጠጅቱን አየኋት። መልሱን እኔ እንድናገር አልጠበቀችም። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በአዊኛ፣ በፍጥነት መናገር ጀመረች፤ ምን እንዳለቻት አልገባኝም። ብቻዬን ከግንዱ ወረድኩ፤ አጥሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ አወሩ።